ከጠመንጃው የቀደመ ሚስማር

ለቡ መብራት ኃይል ያለው ቤቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ወፍራም ሚስማር አለ። እንግዳ ሁሉ ያየዋል፤ ምን ሊሰቀልበት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። ሥዕል እንዳይባል ከቁመቴ በላይ ነው፤ ቀን መቁጠሪያ እንዳይባል የበሬ መጥመጃ ያህል ወፍሯል፤ ዙሪያው ያለው ልስን ደግሞ የሳህን ስፋት ያህል ረግፏል። የመታሁት እኔ ነኝ። ጠመንጃ ልሰቅልበት ነበር የመታሁት። ጠመንጃ ግን አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይሄንኑ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ዓይን ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ መንዝ ውስጥ ብቻውን ይኖር ነበር። ዓይኑ መድከሙን ከዘመድ ሰማንና እኔና ባለቤቴ ለምነን አዲስ አበባ አመጣነው። ሐኪሙ በመብራት አየውና "ሞራ ነው፤ ይገፈፋል፤ አታስቡ" ብሎ ቀጠሮ ሰጠን። አባቴ ገና ከክፍሉ በር ሳንርቅ "ዓይኔ ምንም አልሆነም፤ የከተማችሁ አቧራ ነው" አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ለአባቶች እሺ ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ የተካንኩበት ሙያ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ "ዓይን" የሚለው ቃል ጠፋ። ባለቤቴ የአባቴን ሻይ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጥም፤ መዳፉ ላይ ታኖርለታለች፣ ልክ ትልቅ ሰው የሚከበረው እንደዚያ እንደሆነ ሁሉ። እኔ ደግሞ አብረን መንገድ ስንወጣ እጁን መያዝ ስለምፈራ አንድ እርምጃ እቀድመውና ማማረር እጀምራለሁ። "አይ እነዚህ ሰዎች! እዚህ ጋ ቆፍረው ሳይደፍኑ ሄዱ። ይሄን ድንጋይ ደግሞ ማን አመጣው?" እያልኩ መንገዱን ጉድጓድ በጉድጓድ አስነብበዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ነገር ዓለሙ የመረረው ሰውዬ አድርጎ አወቀኝ። አባቴም እንደዚያው። "ምነው ልጄ፣ ትንሽ ቻል እንጂ" ይለኝ ነበር፣ ጉድጓዱን በዱላው እየዞረ።

እንዲህ ተሳስበን እየኖርን ሳለ ሌባ ገባ። እኔ ቢሮ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ገበያ ወጥታለች። በጠራራ ፀሐይ ሰውዬው በሩን ከፍቶ ገብቶ የውሃ ፓምፓችንን ነቅሎ ሄደ። ፓምፑ የነበረው ከታንከሩ ሥር፣ ከበረንዳው ፊት ለፊት ነው። አባቴ ደግሞ ከቤት አልወጣም።

"አባዬ፣ የት ነበርክ?" አልኩት።

"ጓሮ" አለኝ።

ጓሮ የምንለው በቤታችንና በጎረቤት አጥር መካከል ያለች ድመት ገብታ የማትዞርባት ስንጥቅ ናት። ትንሽ የሚያስብ ሰው ይሄን ሲሰማ ቆም ይላል። እኔ ግን የማስበው ስለ ፓምፑ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባቴን ጋቢውን አጣጥፎ፣ ዱላውን ይዞ ሳሎን መሀል ቆሞ አገኘሁት። "መሣሪያ በሌለበት ቤት አልቀመጥም" አለ። "ወደ አገሬ ስደደኝ።"

መንዝ ቤቱ ውስጥ ምሰሶው ላይ በማንገቻው የተሰቀለ ምንሽር ነበረው። ወደኛ ሲመጣ ለታናሽ ወንድሙ በአደራ ሰጥቶታል። በነሱ አገር ምሰሶው ባዶ የሆነ ቤት የገባ እንግዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ አባወራው የሞተ ይመስለዋል። አባቴ የኔን ቤት ያየው በዚያ ዓይን ነው። ምሰሶ የሌለው፣ ጠመንጃ የሌለው፣ ፓምፕ እንኳ የሌለው ቤት።

ከሄደ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ካልተመለሰ ዓይኑ አይገፈፍም፤ ብቻውን በዚያ ገደል በበዛበት አገር ጨልሞበት ሊቀር ነው። ፈራሁ። ሰው ሲፈራ ደግሞ ወይ ደፋር ይሆናል ወይ ሞኝ። ደፋር ብሆን ኖሮ "አባዬ፣ ዓይንህ..." ብዬ እጀምር ነበር። እኔ ግን "ጠመንጃ እንገዛለን። ዓይነቱን ብቻ እንምረጥ" አልኩት።

አባቴ ጋቢውን ፈታ። ተቀመጠ።

ባለቤቴ ወደ ኩሽና ጎትታ አስገባችኝ። እሷ የነጋዴ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ከተማ ነው ሱቅ ከፍተው ያሳደጓት። "ዓይኑን ሊያሳክም ለመጣ ሰው ጠመንጃ?" አለችኝ። "ፈቃዱንስ ማን ይሰጥሃል?"

"ፈቃዱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ዓይነቱ ይለይ።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለች። "የኔ አባት ዕድሜ ልኩን ሱቁን የጠበቀው በጥሩ ቁልፍና በጥሩ ጎረቤት ነው። ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?"

"አንቺ ንገሪው።"

"ምራት ነኝ እኮ! እኔ እንዴት ብዬ ነው እርስዎ አያዩም የምላቸው?" አለች።  ይሉኝታ እንዲህ ናት፤ ጠመንጃ መግዛት ቀሎን እውነት መናገር ከበደን።

እኔ የምሠራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዢ ክፍል ነው። እኔ ዘንድ ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ፕሮፎርማ ሳይሰበሰብ እስክሪብቶ እንኳ አይገዛም። ስለዚህ ጠመንጃውንም በሙያዬ ያዝኩት። ቢያንስ ሦስት ሰው ልጠይቅ፣ ላወዳድር፣ ከዚያ ልወስን አልኩ። ግዢውን ማጓተት ደግሞ ከኛ ክፍል በላይ የሚያውቅበት የለም፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ማጓተት ከቻልኩ ዓይኑ ይገፈፋል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ተንኮሌ ይሄ ነበር። ችግሩ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ተንኮሌን ረስቼ ጠመንጃውን የምር ወደድኩት።

መጀመሪያ የጠየቅኩት የመሥሪያ ቤታችንን ሹፌር ነው። "አቦ ፋራ አትሁን፣ ክላሽ ነው እንጂ!" አለኝ። "ምንሽር አንዱን ተኩሰህ ሌላውን እስክታቀባብል ሌባው ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ክላሽ ሲሆን ድምፁን ብቻ ሰምቶ ይሮጣል።"

ይሄን ለአባቴ ወሰድኩለት። አባቴ ከንፈሩን መጠጠ። "ክላሽ ለፈሪ ነው" አለ። "ሠላሳ ጥይት ያለው ሰው ይረጫል። አንድ ጥይት ያለው ሰው ያስባል።"

ይሄን ደግሞ ለሹፌሩ መለስኩለት። ሹፌሩ ሳቀና "ሌባ ቤትህ ገብቶ ቁጭ ብለህ ልታስብ ነው?" አለኝ። ማታ ለአባቴ ነገርኩት። እንዲህ በለቡና በቢሮው መካከል የጠመንጃ ሽማግሌ ሆኜ ስመላለስ ሰነበትኩ። ቀስ በቀስ ራሴም አዋቂ ሆንኩ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ "ምንሽር ችግሩ ሲተኮስ ትከሻ ይመታል" ስል ድምፄ ወፍሮ ለራሴ ተሰማኝ። አንዷ ልጅ "የትኛውን ትከሻ?" አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና "ሁለቱንም" አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉዳዩን በተግባር ልፈትሽ ተነሣሁ። የወለል መወልወያውን ከባልዲው አነሣሁና ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ መጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሌባው ከኋላዬ መጣ ብዬ ስዞር የመወልወያው ጫፍ የሠርጋችንን ፎቶ መታው። ፎቶው ወደቀ፤ መስታወቱ ከመሀል ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ በኔ በኩል ሄደ። ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችኝ።

"ሌባው እጁን ሰጠ?" አለችኝ።

ከዚህ ፈተና የተረዳሁት ምንሽር ለኛ ኮሪደር ረጅም መሆኑን ነው። ሌላ የተረዳሁት ነገር የለም።

በዚያው ቀን ከሰዓት አባቴ "መስቀያውን ምታ፤ ጠመንጃ መጥቶ መሬት አይጋደምም" አለኝ። ምሰሶ ስለሌለን ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ከዳር እስከ ዳር ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆሞ "እዚህ" አለ። የግድግዳውን ጥንካሬ የሚመረምር መስሎኝ "አባዬ አዋቂ እኮ ነህ" አልኩት። ሚስማሩን ስመታ ልስኑ ተገምሶ ፊቴ ላይ ወረደ፤ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነበርና ሚስማሩ ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ጠመመ። ዱቄት እንደነካው ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነጭ ሆኜ ዘወር ስል አባቴ ፈገግ ብሎ ግድግዳውን እያየ "ጥሩ ነው፤ ቀጥ ብሏል" አለኝ። እኔም ከይሉኝታ የተነሣ "አዎ፣ ቀጥ ብሏል" አልኩ።

ሦስተኛው ፕሮፎርማ ሻምበል ነበሩ። ሻምበል ጡረታ የወጡ የጦር መኮንን ናቸው፤ ከኔ ጋር አንድ የጽዋ ማኅበር እንጠጣለን። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራሉ። ፈቃድ ያለው ምንሽር እንዳላቸው ማኅበርተኛው ሁሉ ያውቃል። ደውዬ የፓምፑን ነገርና አባቴ መሣሪያ ሊያይ እንደሚፈልግ ነገርኳቸው፤ "ይምጡ እንጂ፣ ደስ ይለኛል" አሉኝ። አባቴ በዚያ ቀን አዲሱን ሸሚዙን ለበሰ። በታክሲ ሄድን። ከታክሲው ወርደን አስፋልቱን ስንሻገር እንደ ልማዴ እየቀደምኩ ስለ መንገዱ ተማረርኩ። ደረጃው ላይ ደግሞ ስለ ደረጃ ሠሪው ተማረርኩ፤ እያንዳንዱን ደረጃ።

ሻምበል ወንበር ሰጡን። ለስላሳ ከፈቱልን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ተኩሰህ ታውቃለህ?"

"በበዓል ባዛር በአየር ጠመንጃ ፊኛ ተኩሻለሁ" አልኩ።

"መታህ?"

"ፊኛውን አልመታሁም።"

"ታዲያ ምን መታህ?"

ለስላሳዬን አንሥቼ ጠጣሁ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስማ" አሉኝ ሻምበል። "በከተማ ቤት ውስጥ ጠመንጃ ስትተኩስ ጥይቱ ሌባው ዘንድ አይቆምም። ክላሽም ሆነ ምንሽር ብሎኬቱን በስቶ ጎረቤት ይገባል። ሌባው ፓምፕ ወሰደብህ፤ አንተ የሰው ነፍስ ልትወስድ ነው። ደግሞ በሥርዓቱ የሚያስቀምጥ ሰው መሣሪያውን ቆልፎ፣ ጥይቱን ለብቻው አድርጎ ነው። ሌባው ቁልፉን ፈልገህ እስክታገኝ ቆሞ ይጠብቅሃል?"

ጥሩ ነጥብ ነው፣ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። አሁንም በልቤ እያወዳደርኩ ነበር። አባቴ ግን ይሄን ሁሉ የሰማ አይመስልም። "ሻምበል፣ እስኪ አንድ ጊዜ ልያዛት" አለ።

ሻምበል ከውስጥ ክፍል የተቆለፈውን ሣጥን ከፍተው ምንሽሩን አመጡ። ጥይት እንደሌለው ከፍተው ካሳዩ በኋላ አባቴ እጅ ላይ አስቀመጡለት። አባቴ ራሱ ደግሞ ጣቱን ከቶ አረጋገጠ። ከዚያ እጆቹ ከሰደፉ ወደ ማንገቻው፣ ከማንገቻው ወደ አፈሙዙ ሲሄዱ፣ ቤቴ ከመጣ ጀምሮ ሲዳብሱ የማያቸው እጆች አልነበሩም። አንድም ቦታ አልሳቱም። ጎንበስ ያለው ወገቡ ቀና አለ። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀው ሰውዬ ተመልሶ መጣ፤ ጠመንጃ የሚያስፈልገን መሆኑን ያን ጊዜ እኔም ከልቤ አመንኩ። ክላሽ ቀርቶ መድፍም ቢል እሺ እል ነበር።

አባቴ ቆመና ሰደፉን ትከሻው ላይ አደረገ። አፈሙዙን በመስኮቱ በኩል ወደ ላይ፣ ከፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ጣሪያ በላይ አነሣ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ።

"ያ ሰውዬ ጣሪያው ላይ ምን ያደርጋል?" አለ። "እንዳይወድቅ። ውረድ በሉት።"

ጣሪያው ላይ ሰው አልነበረም። ጥቁር የውሃ ታንከር ነበር።

እኔ ሻምበልን አየሁ። ሻምበል እኔን አዩኝ። ከዚያ እኚህ ስንት ጦር ሜዳ የዋሉ ሰው ጉሮሯቸውን አጸዱና "ውሃ ሊያይ ነው የወጣው፤ አሁን ይወርዳል" አሉ።

እንደዚያ ባይሉ ምናልባት ነገሩ ያልፍ ነበር። አባቴ ግን ድምፃቸው ውስጥ ያለችውን ርኅራኄ ሰማ። የጆሮው ነገር መቼም አይታማም። ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አወረደና አግድም ይዞ ለሻምበል መለሰላቸው። ተቀመጠ። ዱላውን በእጁ ፈልጎ አገኘ።

"ሰው አይደለም፤ አይደል?" አለ በመጨረሻ።

"ታንከር ነው አባዬ" አልኩ። ቃሉን ከአፌ ለማውጣት ያን ያህል ጊዜ ፈጀብኝ።

"ሌባው የገባ ዕለት" አለ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ግን ትንሽ ከጎኔ ያለውን አየር እያየ፣ "ጓሮ አልነበርኩም። በረንዳ ላይ ፀሐይ እሞቅ ነበር። በሩ ተከፈተ። አንድ ቁመቱ ያንተን የሚያህል ሰው ገባ። አንተ ከሥራ የመጣህ መሰለኝ። ከታንከሩ ሥር አጎንብሶ ብረት ሲፈታ ሰማሁ። የተበላሸ ልታበጅ ነው ብዬ 'በርታ ልጄ' አልኩት። 'እሺ አባባ' አለኝ። ፓምፑን ተሸክሞ ሲወጣ መረቅኩት።"

ሻምበል ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ትሑት ልጅ ነበር" አለ አባቴ። "እንዲያውም ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ፤ አንተ እሺ ስትል እንደዚያ ለስለስ ብለህ አታውቅም።"

ሳቅ አፈነኝ። ሻምበልም ሊስቁ ብለው ተዉት። አባቴ ግን አልሳቀም።

"ሌባው አንተን መሰለኝ፤ ፓምፕ ብቻ ሄደ" አለ። "ጠመንጃ ገዝተህልኝ አንተ ሌባ ብትመስለኝስ?"

 ክላሽ ወይስ ምንሽር እያልኩ ስመላለስ የከረምኩት፣ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ በሩን ከፍቼ የምገባው እኔው ራሴ ላይ የሚነጣጠረውን ዕቃ ላማርጥ ነበር። በግዢ ክፍል ታሪክ እንዲህ ያለ ግዢ ያለ አይመስለኝም። አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ደግሞ አዘንኩ፤ ይሄን ሁሉ ብቻውን ይዞ ሲቀመጥ፣ እኛ ሻይ መዳፉ ላይ እያኖርን የረዳነው መስሎን ነበርና።

"ሻምበል ይስጥልኝ" አለ አባቴ ሲነሣ። "ልጄ መተኮስ አያውቅም፤ እኔ አላይም። እዚያ ቤት ጠመንጃ ቢገባ የሚጠቀምበት ሌባው ብቻ ነው።"

ደረጃው ጋ ስንደርስ ልማዴ መጣና "ይሄን ደረጃ የሠራው ሰውዬ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተወው ሰውዬውን" አለኝ። "ክንድህን ስጠኝ።"

ሰጠሁት። ከዚያ ቀን በፊት ያየሁት እጄን ይዞ ሲያሻግረኝ ነው እንጂ ክንዴን ይዞ ሲሻገር አልነበረም። አስፋልቱ ጋ መኪናው እስኪያልፍ ቆምን። ክንዴን አጥብቆ ይዞት ነበር። ለቡ እስክንደርስ ስለ አንድም ጉድጓድ አልተማረርኩም፤ "ጉድጓድ" ብቻ እላለሁ፣ እሱም ዱላውን ያነሣል። ቤት ስንገባ ለባለቤቴ "ልጄ፣ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪውና የት እንዳለ ንገሪኝ፤ እጄን አቃጠልሽው እኮ" አላት። ምስኪን ባለቤቴ እየሳቀች ሄዳ ኩሽና ውስጥ አለቀሰች።

ቀጠሮው ደረሰ። ሐኪሙ እንዳለውም ቀላል ነበር፤ እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር እስክጨርሰው ተቀምጬ ተነሣሁ። በማግስቱ ነርሷ ፋሻውን ስታነሣለት ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፤ ገለጠ። መስኮቱን አየ። ነርሷን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከጎኔ ያለውን አየር ሳይሆን እኔን። ግንባሬን፣ ፀጉሬን፣ አገጬን እያየ ቆየ።

"ማነህ?" አለኝ።

ወደ እሱ ጠጋ አልኩ። "እኔ ነኝ አባዬ።"

"እኔ የማውቀው ልጄ ፀጉሩ ጥቁር ነበር" አለ። "አንተ ግን ሸብተሃል። ሌባው ሳትሆን አትቀርም።"

ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጉንጬን ያዘኝ፤ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ነርሷ መጣችና "ኧረ ማልቀስ አይቻልም! ዓይኑ ገና አልዳነም!" ብላ ተቆጣች። አባቴ ዘወር ብሎ አያትና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆማት፤ የሚያለቅሰው እሱ አልነበረም።